«ያ ከቢከጅ» ማን ነው? በጥንት የሕክምና ኪታቦች ላይ ስላሉ እንግዳ ምልክቶች

በመካከለኛው ዘመን በዐረብኛ የተጻፈ የሕክምና ኪታብ ሲገለጥ፣ አንዳንዴ መጀመሪያው ላይ «ያ ከቢከጅ» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። «ያ» መጥሪያ ነው። ታዲያ የሚጠራው ማን ነው? ብዙ ሰው ይህን ሲያይ የድግምት መጽሐፍ ያገኘ ይመስለዋል።

ከቢከጅ የተክል ስም ነው። ቆዳ የሚያቃጥልና የሚያቆስል መርዛማ ተክል ሲሆን፣ ወረቀት የሚበሉ ነፍሳትን ያባርራል ተብሎ ይታመን ነበር። እያደር ተክሉ ተረሳና ስሙን መጻፍ ብቻ በቂ መሰለ። ከዚያም አልፎ ከቢከጅ የበረሮዎች ንጉሥ የሆነ ጂን ነው ተባለ! የቅጠል ስም ተጠሪ ሆነ ማለት ነው።

«ቡዱሕ»ም እንዲሁ ነው። ከ1 እስከ 9 ያሉ ቁጥሮች በ3 በ3 ሠንጠረዥ ሲደረደሩ በየትኛውም መስመር ድምራቸው 15 ይሆናል። በአራቱ ማዕዘን የሚውሉት 2፣ 4፣ 6 እና 8 በአብጀድ ፊደል ባ፣ ዳል፣ ዋው እና ሓ ናቸው፤ ተያይዘው ሲነበቡ «ቡዱሕ»። ዐሊ ኢብኑ ረባን አጥ-ጠበሪ (ከሙፈሲሩ ኢማም ጋር እንዳይምታቱ) በ9ኛው ክፍለ ዘመን በጻፉት «ፊርደውሱል ሒክማ» ይህን ሠንጠረዥ ምጥ ለማቅለል ጠቅሰውታል። ሒሳቡ ድንቅ ነው፤ ሕክምና ግን አይደለም። ከማዕዘን ቁጥሮች የተሠራን ስም ለእርዳታ መጥራትማ ከዐቂዳ ጋር የሚጋጭ ነገር ነው።

ሌሎቹ ምልክቶች ግን ድግምትነት የላቸውም፤ የጸሐፊዎች ጥንቃቄ ናቸው። በኅዳግ ላይ ያለው «ሶሐ» የተዘለለው ቃል ትክክለኛ እርማት ይህ ነው ይላል። በማብራሪያ መጨረሻ የሚገኘው 12 ደግሞ ሓ (8) እና ዳል (4) ነው፤ «ሐድ»፣ እዚህ ያበቃል ማለት ነው።

ይህ ጥንቃቄ የሕይወት ጉዳይ ነበር። ጂም 3፣ ሓ 8 ነው፤ ልዩነታቸው አንዲት ነጥብ ናት። መጠን በፊደል ቁጥር ከተጻፈ፣ 3 ድርሀም ኦፒየም በስህተት 8 ሊሆን ይችላል፤ አንድ ድርሀም 3 ግራም ገደማ ነው። ለዚህም ነው ለቁጥር ሲሆን ጂምን ጅራቷን ቆርጠው የሚጽፏት።

በአንቀጾች መካከል የምትታየው ትንሽ ክብ ደግሞ ከሐዲስ ሰዎች የመጣች ናት። በ463 ሒጅራ ያረፉት አል-ኸጢብ አል-ባግዳዲ (ረሒመሁላህ) ክቧ ባዶ እንድትቀመጥና ጽሑፉ ከዋናው ጋር ከተመሳከረ በኋላ ነጥብ እንዲደረግባት መክረዋል። ልማዱ ወደ ሌሎች ዕውቀቶች ኪታቦችም ተሻገረ። ስለዚህ የመድኃኒት ቅመማ መጨረሻ ላይ ነጥብ ያላት ክብ ካዩ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያንን ገጽ ከምንጩ ጋር ቃል በቃል አስተያይቶታል።