ከናሙና እስከ ውጤት፦ የምርመራ ውጤት የሚጠበቅባቸውን ቀናት በጥንቃቄና በመረጋጋት ማሳለፍ

ለኮቪድ-19 ምርመራ ናሙና መስጠት የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ውጤቱን መጠበቅ ግን አንዳንድ ጊዜ ቀናትን ይወስዳል። በእነዚህ ቀናት ተመርማሪው ስልኩ በጮኸ ቁጥር ይደነግጣል፤ ባሳለ ቁጥር በሽታው የጸናበት ይመስለዋል፤ ከልጆቹ ጋር በአንድ ማዕድ የበላበትን ዕለት እያስታወሰ ራሱን ይወቅሳል። ይህ ስሜት በማንኛውም ሰው ላይ የሚደርስ እንጂ የድክመት ምልክት አይደለም። ይሁን እንጂ ጭንቀት ሰውን ወደ ሁለት ስህተቶች ሊመራው ይችላል። አንደኛው «ምንም የለብኝም» ብሎ ራሱን በማሳመን ከሰው መቀላቀል ነው። ሁለተኛው ደግሞ በፍርሃት ተውጦ ሁኔታውን ከቤተሰብና ከጤና ባለሙያ መደበቅ ነው። ሁለቱም ለቫይረሱ መንገድ ይከፍታሉ።

ውጤት ለምን ይዘገያል?

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ ይፋ የተደረገው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የተጠርጣሪዎች ናሙና ለምርመራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር። በኋላ ምርመራውን በኢትዮጵያ የህብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ማካሄድ ተችሏል፤ በክልሎችና በዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙ ላቦራቶሪዎችም ሥራውን ተጋርተዋል።

ከአፍንጫ ወይም ከጉሮሮ የተወሰደው ናሙና ልዩ ፈሳሽ ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ገብቶ፣ ቅዝቃዜው ተጠብቆ ወደ ላቦራቶሪ ይጓጓዛል። በዚያም ተመዝግቦ ተራውን ይጠብቃል። ባለሙያዎች የቫይረሱን ዘረመል ከናሙናው ለይተው ካወጡ በኋላ፣ ፒሲአር የተባለው መሣሪያ ዘረመሉ ካለ ደጋግሞ በማባዛት እንዲታይ ያደርገዋል። ይህ የመጨረሻው ክፍል ብቻውን ሰዓታትን ይጠይቃል። መሣሪያው ብዙ ናሙናዎችን በአንድነት ስለሚመረምር፣ የአንዱ ሰው ውጤት ከሌሎቹ ጋር ይወጣል። ግልጽ ያልሆነ ውጤት ሲያጋጥምም ምርመራው ይደገማል።

ስለዚህ የውጤት መዘግየት ቫይረሱ ለመገኘቱ ማስረጃ አይደለም። «የእኔ የቆየው ቢገኝብኝ ነው» የሚለው ግምት ብዙዎችን እንቅልፍ የሚነሳ ቢሆንም መሠረት የለውም። ብዙውን ጊዜ መዘግየቱ የሚመጣው ከናሙናዎች ብዛት፣ ከመንገዱ ርቀት ወይም ከግብዓት እጥረት ነው።

በመጠበቂያው ጊዜ ምን ይደረግ?

ናሙና የሰጠ ሰው ውጤቱ እስኪነገረው ድረስ ቫይረሱ እንዳለበት ሰው ሆኖ መጠንቀቅ ይኖርበታል። ቫይረሱ ምልክት ከመታየቱ በፊትም ሊተላለፍ ስለሚችል፣ ጤንነት መሰማቱ ብቻ ዋስትና አይሆንም። በመሆኑም ከሥራ፣ ከገበያ፣ ከለቅሶ ቤት፣ ከቤተ እምነትና ከቡና መጠራራት መቅረት ይገባዋል።

የሚቻል ከሆነ ለብቻ ክፍል መያዝ ይመረጣል። ይሁንና ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው በአንድ ክፍል ውስጥ ነው። እንዲህ ባለ ቤት የሚከተሉትን መፈጸም ይቻላል፦

• የተመርማሪውን መኝታ ወደ መስኮት ወይም ወደ በር ማስጠጋት፣ በመጋረጃ መለየትና መስኮቱን ከፍቶ አየር እንዲዘዋወር ማድረግ፤
• ተመርማሪውም ሆነ ቤተሰቡ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ፤
• ምግቡን ከጋራ ማዕድ ለይቶ በራሱ ሳህን ማቅረብ፣ የመጠጫ ዕቃውንም መለየት፤
• እጅን በሳሙናና በውሃ አዘውትሮ መታጠብ፤ የጋራ መጸዳጃ ቤት ከሆነ የተነካኩ ቦታዎችን ከተጠቀሙ በኋላ ማጽዳት፤
• አረጋውያንን እንዲሁም የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በተለየ ጥንቃቄ ማራቅ፤ ከተቻለም ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር።

ለነባር ሕመም የታዘዘ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ካልሆነ በስተቀር አይቋረጥም። በአንጻሩ በሰው ምክር ብቻ ፀረ-ተሕዋስያን መድኃኒት ገዝቶ መዋጥ ቫይረሱን አያጠፋም፤ ጉዳት ግን ሊያስከትል ይችላል።

ጭንቀትን ማቅለል

ዜናን በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ከታመነ ምንጭ መከታተል፣ በተለመደው ሰዓት መተኛትና መነሣት፣ ጸሎትን ወይም ንባብን አለማቋረጥ፣ ከወዳጅ ጋር በስልክ መነጋገር አእምሮን ያሳርፋል። ከሁሉ በላይ የሚረዳው ከወዲሁ መዘጋጀት ነው። በቅርብ ቀናት በቅርበት የተገናኙትን ሰዎች ስም መጻፍ፣ ልጆችን የሚንከባከብ ዘመድ መምረጥ፣ በቅርብ የሚገኘውን የጤና ተቋም ማወቅ ፍርሃትን ወደ ተግባር ይለውጣል። አልኮልና ጫት ግን እንቅልፍን ያዛባሉ፤ ጭንቀትንም ሊያባብሱ ይችላሉ።

የጎረቤት ድርሻም ቀላል አይደለም። ናሙና የሰጠን ሰው እንደ ጥፋተኛ መመልከት ሌሎች ምልክታቸውን ደብቀው እንዲቀመጡ ያደርጋል። ጎረቤትና የዕድር አባላት ምግብና ውሃ በር ላይ በማድረስ፣ በስልክም በመጠየቅ ርቀትን ሳያፈርሱ ዝምድናን ሊጠብቁ ይችላሉ።

ውጤቱ ሲነገር

ቫይረሱ መገኘቱ የሞት ፍርድ አይደለም፤ አብዛኞቹ ታማሚዎች ይድናሉ። ተመርማሪው የጤና ባለሙያን መመሪያ መከተልና የተገናኛቸውን ሰዎች በእውነት ማሳወቅ አለበት። ቫይረሱ አለመገኘቱም ጥንቃቄን አያስቀርም። ናሙናው የተወሰደው በቫይረሱ በተያዙ ማግስት ከሆነ ምርመራው ላያገኘው ይችላል። የመጀመሪያው ምልክት እስኪታይ እስከ 14 ቀን ሊቆይ ስለሚችል፣ ቫይረሱ ካለበት ሰው ጋር ንክኪ የነበረው ሰው የተወሰነለትን የለይቶ ማቆያ ጊዜ መጨረስ ይኖርበታል።

ውጤት የማይጠብቁ ምልክቶች

የትንፋሽ ማጠር፣ የማያቋርጥ የደረት ሕመም ወይም ውጋት፣ ግራ መጋባት፣ ከእንቅልፍ ለመንቃት መቸገር፣ የከንፈር ወይም የፊት መጥቆር ከታየ ውጤት መጠበቅ አይገባም። ወዲያውኑ በ8335 ወይም በ952 ደውሎ እርዳታ መጠየቅ የታማሚውን ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።