ጥቂት እንቁላል የምትጥለው የሐበሻ ዶሮ እስካሁን ለምን ተፈላጊ ሆነች?

አንዲት የሐበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው እንቁላል ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ነው። ለእንቁላል ምርት ተብለው የተዳቀሉ ዘመናዊ ዶሮዎች ግን በጥሩ አያያዝ ከ280 በላይ ይጥላሉ። ቁጥሩን ብቻ የተመለከተ ሰው፣ የመጀመሪያዋን ማርባት ምን ትርፍ አለው ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ይሁንና ከ50 ሚሊዮን በላይ ዶሮዎች እንዳሏት በሚገመተው ኢትዮጵያ አብዛኞቹ ዛሬም የሐበሻ ዶሮዎች ናቸው። በኬንያ እና በታንዛኒያም በስዋሂሊ «ኪዬንዬጂ» የሚባሉት የአገር ዶሮዎች ከፈረንጅ ዶሮ የበለጠ ዋጋ ያወጣሉ። ገዢዎች ጣዕሙን ይወዱታል። አርቢዎቹ ግን ሌላ ስሌት አላቸው፤ ይህ ስሌት ከጣዕምም ከልማድም ያለፈ ነው።

የስሌቱ መነሻ መኖ ነው። የጓሮ ዶሮ ጠዋት ተለቅቃ ትልና ምስጥ ለቅማ፣ ከአውድማ የወደቀ ጥሬ አንስታ፣ የእህል ግርድና የገበታ ፍርፋሪ በልታ ማታ ወደ ቆጧ ትመለሳለች። ባለቤቷ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እፍኝ እህል ብትበትንላት ነው። እንቁላል ጣይ የፈረንጅ ዶሮ በአንጻሩ በቀን እስከ 120 ግራም የተመጣጠነ መኖ ያስፈልጋታል። አምስት ዶሮዎች ያሉት ቤት በወር 18 ኪሎ ግራም መኖ ገዝቶ ማቅረብ አለበት ማለት ነው። መኖው የሚዘጋጀው በአብዛኛው ከበቆሎ፣ ከአኩሪ አተር እና ከኑግ ፋጉሎ ስለሆነ የእህል ዋጋ ሲወደድ መኖውም ይወደዳል። ሰውና ዶሮ ከአንድ ጆንያ የሚበሉበት ቤት ደግሞ እህሉ ሲያልቅ ማን እንደሚቀድም ግልጽ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙም ሲነገርለት አይሰማም። የሐበሻ ዶሮ ትታቀፋለች። ከ10 እስከ 15 እንቁላል ከጣለች በኋላ ትቆማለች፤ ለ21 ቀናት ታቅፋ ትፈለፍላለች፤ ከዚያም ጫጩቶቿን ለሁለት ወር ገደማ እየመራች ታሳድጋለች። የእንቁላሏ ቁጥር የሚያንሰውም አንዱ ይህ ጊዜ ስለሚሄድ ነው። ዘመናዊዎቹ ዝርያዎች ብዙ እንዲጥሉ ሲመረጡ የመታቀፍ ጠባያቸው በየትውልዱ እየጠፋ ሄዷል። ስለዚህ የፈረንጅ ዶሮ የገዛ ሰው፣ ዶሮዎቹ ሲያረጁ እንደገና ከጫጩት አከፋፋይ መግዛት ይኖርበታል። የሐበሻ ዶሮ ያለው ሰው ግን ተተኪዎቹን እዚያው ጓሮው ውስጥ ያገኛቸዋል።

ዋጋ የማያስከፍል ነገር ግን የለም። ከ12 እንቁላል ዘጠኝ ወይም አሥር ጫጩት ቢፈለፈል እንኳ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ግማሹ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊያልቅ ይችላል። ጭልፊት ከላይ፣ ሸለመጥማጥ ከታች ይጠብቃቸዋል፤ የክረምት ብርድና ዝናብም የራሱን ይወስዳል። ልምድ ያላቸው እናቶች በበጋ ማስታቀፍን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ጫጩት ሳይሆን እንቁላል ያስፈለጋት ባለቤት ደግሞ ዶሮዋን ከመታቀፍ ታስተዋለች፦ ውሃ ውስጥ ትነክራታለች፣ ለጥቂት ጊዜ ቁልቁል ታንጠለጥላታለች ወይም ለቀናት ጎረቤት ቤት ትልካታለች። ከሦስቱ ዶሮዋን የማያስቆጣት የመጨረሻው ብቻ ይመስላል።

<b>የእናቶች ገንዘብ</b>

በብዙ የገጠር ቤቶች በሬውና እህሉ በአባወራው እጅ ሲሆኑ፣ የዶሮውና የእንቁላሉ ሽያጭ ግን የሴቷ ነው። ጨው፣ ሳሙና፣ ደብተርና እርሳስ የሚገዙት ከዚሁ ነው። ዶሮ የሌላት ሴት ከጎረቤቷ አንዲት ዶሮ ተቀብላ፣ ጫጩቶቹን ለመካፈል ተስማምታ የምታረባበት ልማድም አለ። አንዲት ቄብ ለማኝነትንና ራስን መቻልን የምትለይበት ጊዜ አለ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ገበያው ግን የቀን መቁጠሪያ ይከተላል። በኢትዮጵያ የዶሮ ዋጋ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና እና ለፋሲካ ይንራል፤ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ፈላጊው ይቀንሳል። መኖ ገዝቶ የሚያረባ ሰው በጾም ወራት ያልተሸጠውን እንቁላል እያየ ቀለቡን መክፈል ግድ ይለዋል። የጓሮ ዶሮ ባለቤት ግን እንቁላሉን አስታቅፋ ፋሲካን አልፋ ለቀጣዩ በዓል መጠበቅ ትችላለች።

<b>መካከለኛው መንገድ</b>

በሁለቱ መካከል ያሉ ዝርያዎችም አሉ። ከፈረንሳይ የመጣው ሳሶ፣ በደቡብ አፍሪካ የተዳቀለው ኮይኮይ እና ከሕንድ ወደ ኡጋንዳ የገባው ኩሮይለር ለሥጋም ለእንቁላልም የሚሆኑ፣ ጓሮ ውስጥ ለቅመው መብላት የሚችሉ ናቸው። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም በአውሮፓውያኑ 2014 በጀመረው ፕሮጀክት እንዲህ ያሉ ዝርያዎችን በኢትዮጵያ፣ በታንዛኒያ እና በናይጄሪያ ገበሬዎች ጓሮ ውስጥ ሞክሯል። በኢትዮጵያ የአንድ ቀን ጫጩቶችን ተረክበው፣ አስከትበውና ለስድስት ሳምንት ያህል አሳድገው ለገበሬው የሚሸጡ ወጣቶች በየወረዳው አሉ። መንግሥት በ2015 ዓ.ም. ያስጀመረው «የሌማት ትሩፋት» መርሐ ግብርም እንቁላልና የዶሮ ሥጋን ከትኩረቶቹ መካከል አድርጓል።

እነዚህ ዶሮዎች ተጨማሪ እህል ሲያገኙ ከሐበሻ ዶሮ በብዙ እጥፍ ይጥላሉ፤ ለልጆች በየቀኑ እንቁላል ማቅረብ ለሚፈልግ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም አከፋፋዩ በሩቅ ከተማ ከሆነ፣ መኖም ካልተገኘ፣ አራት ጥሩ ዶሮዎች የነበሩት ቤት ከሁለት ዓመት በኋላ ባዶ ሊቀር ይችላል። ለዚህ ነው አንዳንድ አርቢዎች ሁለቱንም የሚይዙት፤ የተሻሻለችው እንቁላሉን ትጥላለች፣ የሐበሻዋ ታቅፋ ትፈለፍልላታለች። በዚህ ጸሐፊ እይታ ከየትኛውም የባለሙያ ምክር የማይተናነስ ብልሃት ነው።

እንቁላሉ ለልጆች መጥቀሙ አያከራክርም፤ ዶሮዎቹ የት ያድራሉ የሚለው ግን ያከራክራል። በአውሮፓውያኑ 2016 የታተመ በኢትዮጵያ ገጠር ላይ የተደረገ ጥናት፣ ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በቁመት የተሻሉ እንደሆኑ፣ ዶሮዎቹ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ሲያድሩ ግን ከልጆች የቁመት መቀጨጭ ጋር የተያያዘ መሆኑን አመልክቷል። ከኩሱ የሚመጣው ተህዋሲ ድኸው ለሚሄድ ሕፃን አደገኛ ነው። ዶሮ ቤት ውስጥ የምታድረው ሌባና አውሬ ተፈርቶ ስለሆነ፣ መፍትሔው ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨትና በጭቃ የሚሠራ፣ በሩ በደንብ የሚዘጋ የዶሮ ቤት ነው።

<b>ፈንግል ሲገባ</b>

ከላይ የተባለውን ሁሉ በአንድ ሳምንት ሊያፈርስ የሚችለው ፈንግል ነው። በሳይንሳዊ አጠራሩ የኒውካስል በሽታ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በአውሮፓውያኑ 1926 ከታየባት የእንግሊዝ ከተማ ነው። ቫይረሱ ያልተከተበ መንጋ ውስጥ ሲገባ ሁሉንም ሊጨርስ ይችላል። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የትንፋሽ ማጠር እና የአንገት መጣመም ዋና ምልክቶቹ ናቸው። በኢትዮጵያ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው።

መድኃኒት የለውም። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ፌጦ እና አረቄ የሚያጠጡ ብዙዎች ናቸው፤ ቫይረሱን ግን አያቆሙትም። ከዚህ የከፋው፣ የታመሙ ዶሮዎችን ሳይሞቱ ለመሸጥ ወደ ገበያ መሮጥ ነው። ሻጩ ጥቂት ብር ያድናል፤ በሽታው ግን ከገዢው ጋር ወደ ሌላ መንደር ይሄዳል።

ክትባቱ አለ፤ ርካሽም ነው። ችግሩ ለብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ማጓጓዣ መፈለጉ እና አንዱ ብልቃጥ በርካታ ዶሮዎች ላሉት እርባታ ታስቦ መዘጋጀቱ ነበር። አምስት ዶሮ ያላት እናት ለመቶ ዶሮ የሚበቃ ክትባት ገዝታ ምን ታደርገዋለች? በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የተዘጋጀው አይ-2 የተባለው ክትባት ሙቀትን የሚቋቋም በመሆኑ የመጀመሪያውን ችግር አቃልሏል። በዓይን ጠብታ የሚሰጥ ሲሆን በየአራት ወሩ መደገም አለበት። በቢሾፍቱ የሚገኘው የመንግሥት የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋምም ያመርተዋል።

ሁለተኛው ችግር የሚፈታው በጎረቤት ስምምነት ነው። በታንዛኒያ እና በሞዛምቢክ መንደሮች የሠለጠኑ ነዋሪዎች፣ ብዙዎቹም ሴቶች፣ በተወሰነ ቀን ከቤት ቤት እየዞሩ ለአንድ ዶሮ አነስተኛ ክፍያ ተቀብለው ይከትባሉ። ብልቃጡ የተከፈተ ዕለት መንደሩ በሙሉ ይከተባል። ዶሮዎቹ ጠዋት ከተለቀቁ ለመያዝ ስለሚያስቸግሩ ሥራው የሚጀመረው ጎሕ ሲቀድ፣ ገና ከቆጥ ሳይወርዱ ነው።