ፁኩቡሱማ፦ የቢዋ ሐይቅ ደሴት መቅደስ

ቢዋ የጃፓን ትልቁ ሐይቅ ነው። በሰሜኑ ክፍል ዙሪያዋ ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነ፣ በደን የተሸፈነች ገደላማ ደሴት አለች፤ ስሟ ቺኩቡ ነው። ከናጋሃማ ወደብ በጀልባ ግማሽ ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። የመግቢያ ትኬት ቆርጦ የሚገባን ሰው የሚጠብቀው 165 የድንጋይ ደረጃ ነው፤ ጉልበት ይፈትናል።

ደረጃው የሚያደርሰው ግን ሆጎንጂ ወደሚባለው የቡድሃ ገዳም ነው። የሺንቶ ሃይማኖት መቅደስ የሆነው ፁኩቡሱማ ከጎኑ ይገኛል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ገደሉ ላይ በረጃጅም ምሰሶዎች የቆመ፣ ጣሪያ ያለው የእንጨት መተላለፊያ ነው፤ እንጨቱ ከጦር አበጋዙ ከቶዮቶሚ ሂዴዮሺ መርከብ የተወሰደ ነው ይባላል። መቅደሱና ገዳሙ ለብዙ ዘመን አንድ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1868 የጃፓን የሜጂ መንግሥት ሺንቶና ቡድሂዝም እንዲለያዩ ሲያዝ ግን ንብረት መካፈል መጣ። ዋናው አዳራሽ ለመቅደሱ ደረሰው፤ አዳራሹ ውስጥ ትመለክ የነበረችው የቤንዛይተን፣ የውሃና የሙዚቃዋ አምላክ፣ ምስል ደግሞ ወደ ገዳሙ ሄደ። መተላለፊያውን ማንም አላፈረሰውም፤ ጎብኚው ዛሬም ከአንዱ ሃይማኖት ወደ ሌላው ዝናብ ሳይነካው ይሻገራል።

ለእኔ ጉዞው የሚያዋጣው ለአዳራሹ ሲባል ነው። ጥቁር አንጸባራቂ ቅብ፣ በላዩ የወርቅ ሥዕል፣ በጣሪያው አበባ፤ ከሂዴዮሺ የፉሺሚ ግንብ ተነቅሎ የመጣ እንደሆነ ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ1602 እዚህ ያስቆመው ልጁ ሂዴዮሪ ነው። ያኔ ለገዳሙ የቆመው ያጌጠ በርም የኦሳካ ግንብ ቅሪት ነው ይላሉ። ግንቡ እ.ኤ.አ. በ1615 ስለተቃጠለ፣ በሩ የተረፈው ወደ ደሴት በመሄዱ ነው ማለት ነው።

ከአዳራሹ ፊት ለፊት፣ ሐይቁን ቁልቁል የሚያይ የጸሎት ቤት አለ። ሰው እዚያ ሁለት ትንንሽ የሸክላ ሳህን ይገዛል፤ በአንዱ ስሙን፣ በሌላው ምኞቱን ይጽፍና ገደሉ አፋፍ ላይ ወደቆመው ቶሪ ወደሚሉት በር ይወረውራል። ሳህኑ በመሃሉ ካለፈ ምኞቱ ይሰምራል ይባላል። ከበሩ ሥር የተከመረውን የሸክላ ስባሪ ያየ ግን ብዙ ተስፋ አያደርግም።

የደሴቲቱን ደንም ቢሆን የሚያስጨንቀው ነገር ነበር፤ በገፍ የሰፈሩ ዓሣ በል ወፎች በኩሳቸው ብዙ ዛፍ አድርቀዋል።

ደሴቲቱ ላይ ማደሪያ የለም፤ ካህናቱም ባለሱቆቹም ማታ በጀልባ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። የሚሄድ ሰው የመጨረሻው ጀልባ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ሳይጠይቅ ደረጃውን ባይጀምር ይሻላል።