ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከአጥቂነት እስከ አፍሪካ እግር ኳስ መሪነት

ወልድያ በጥር 2009 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘውን የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አላሙዲ ስታዲየም አስመርቃለች፤ ክለቧም በፕሪሚየር ሊግ ተጫውቷል። በዚህ ሜዳ የሚያድግ ታዳጊ ከማንም አስቀድሞ ሊያውቃቸው የሚገቡ የኳስ ሰው ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በምኒልክ ዘመን ጀርመን ሄደው የመኪና ሙያ የተማሩ፣ ድምፃቸውንም እዚያው በሸክላ ያስቀረጹ ባለቅኔ ነበሩ። ልጅየው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሳሉ ኳስ ወደዱ፤ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ልጆች ለተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስም ተሰለፉ። ለክለቡ በ23 ዓመት ውስጥ በ365 ጨዋታ 318 ጎል እንዳገቡ ይነገርላቸዋል።

ያ ዘመን ግን የወረራ ዘመን ነበር። ጣሊያን ክለቡን «ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር» አሰኘው፤ ሐበሻ ከነጭ ጋር እንዳይጫወትም ከለከለ። የኋላ ሥራቸው ሁሉ ከዚህ ቁጭት የመነጨ ይመስለኛል።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጭ ሆነች።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያና ግብፅ ያደረጉት የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግን ዝርዝሩ ሊነገር ይገባል። ይድነቃቸው የኢትዮጵያን ቡድን ካሠለጠኑት አንዱ ነበሩ። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች። መጀመሪያ ግርማ ተክሌ፣ ከዚያም መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረጉ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨመሩ፤ 4 ለ 2። ዋንጫውን ንጉሠ ነገሥቱ ለሉቺያኖ አስረከቡ።

እኔ ግን ከዚህ ዋንጫ በላይ የማከብርላቸው ሙግታቸውን ነው። አፍሪካ ለዓለም ዋንጫ ቀጥተኛ ቦታ ተነፍጋ ስለነበር ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው የ1966ቱን (እ.ኤ.አ.) ውድድር አህጉሩ እንዲተወው ገፋፉ። አድማው ፍሬ አፈራ፤ ለ1970 (እ.ኤ.አ.) አንድ ቦታ ተገኘ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስኪያርፉ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መሩ፤ ደቡብ አፍሪካም በ1976 (እ.ኤ.አ.) ከፊፋ ተባረረች። በ1982 (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ የዓለም ዋንጫ ቦታ ሁለት ሲሆን ካሜሩንና አልጄሪያ ስፔን ገቡ፤ አልጄሪያም ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ረታች።