የፊት ወዝ በሦስት ቀን አይገዛም

አማርኛችን ስለ ሰው መልክ ሲናገር ጠንቃቃ ነው። ጠይም፤ ቀይ፤ የቀይ ዳማ፤ ጥቁር እያለ የቆዳን ቀለም ለይቶ ከጠራ በኋላ፤ ከነዚህ ሁሉ ውጪ የቆመ አንድ ሌላ ቃል አለው፤ ይኸውም «ወዝ» የሚባለው ነው። ወዝ የቀለም ስም አይደለም። ጥቁሩም ወዝ ይኖረዋል፤ ቀዩም ወዙ ይጠፋል። የጥንት ሰዎች «ፊቱ ወዝ አለው» ሲሉ ሰውየው ጤነኛ ነው፤ ጠግቦ አድሯል፤ እንቅልፉንም አልተቀማም ማለታቸው ነበር እንጂ፤ ነጣ ማለታቸው አልነበረም።

ዛሬ ግን ሁለቱ ነገሮች ተደባልቀዋል። በየሱቁ መስኮትና በየስልኩ ማስታወቂያ «በሦስት ቀን ፊትዎን ያፈካል» የሚል ቅባት ይቀርባል። ሻጩም «እኅቴ፤ ይህንን አንድ ሳምንት ብቻ ሞክሪው» እያለ ወዝ ነው ብሎ የሚሸጠው ማንጫ ነው። ገና የመጀመሪያ ደመወዙን የተቀበለ ወጣት ሠራተኛ፤ ለምረቃ ፎቶግራፍ የምትሰናዳ ተማሪ፤ በዚህ ንግግር ቢማረኩ አያስደንቅም። የሚያሳዝነው ግን ብዙዎቹ በመጨረሻ የሚከፍሉት ገንዘባቸውን ብቻ ሳይሆን ፊታቸውንም ጭምር መሆኑ ነው።

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ የቆዳን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። ከላይኛው የቆዳ ክፍል ሥር አዳዲስ ሕዋሳት ዘወትር ይፈጠራሉ፤ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ በመጨረሻም ደርቀው ይረግፋሉ። ይህ ጉዞ አንድ ወር ያህል፤ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በሌላ በኩል በቆዳው ውስጥ ያሉት ትናንሽ ዕጢዎች ቅባት ያመነጫሉ፤ ይህም ቅባት ውሃ ከቆዳው ቶሎ እንዳይተን ይረዳል። የላይኛው ገጽ ለስላሳና እርጥበት ያለው ሲሆን ብርሃንን አስተካክሎ ይመልሳል፤ የደረቀና የሻከረ ሲሆን ግን ብርሃኑን ይበትነዋል። እንግዲህ ወዝ የምንለው ይኸው ነው። ወር የሚፈጀውን ሥራ በሦስት ቀን እጨርሳለሁ የሚል ቅባት ሌላ ነገር ቢኖርበት ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ያ ሌላ ነገር ምንድን ነው? አዘውትረው የሚገኙት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ስቴሮይድ የተባለው መድኃኒት ነው፤ በቱቦው ላይ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ተብሎ ይጻፋል። ይህ መድኃኒት ለችፌና ለመሳሰሉት ሕመሞች በሐኪም ትእዛዝ ለተወሰነ ጊዜ ሲቀባ የሚጠቅም ነው። ፊትን ለማሳመር ብሎ ለወራት የሚቀባው ሰው ግን ቆዳው ይሳሳል፤ የደም ሥሮቹ ቀልተው ይታያሉ፤ ብጉርም ይፈላበታል። ከሁሉ የሚከፋው፤ ቅባቱን ሲተወው ፊቱ ይቀላል፤ ያቃጥለዋልም። ስለዚህ ለማስታገስ ሲል ያንኑ ቱቦ ዳግመኛ ይገዛል። ነጋዴው ደንበኛ አገኘ ማለት ነው፤ ሰውየው ግን በራሱ ፊት ላይ ዕዳ ገባ።

ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። እርሱም ቢሆን በሐኪም እጅ መድኃኒት ነው፤ ያለ ልክና ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ግን ሊያጠፋው የተገዛውን ጥቁረት አብሶ ሊያመጣው ይችላል። በደቡብ አፍሪካ ማንጫ ይቀቡ በነበሩ ሰዎች ፊት ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ነጠብጣብ መውጣቱን አንድ የቆዳ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1975 በጽሑፍ ገልጦ ነበር፤ ይህ ጠባሳ ለማስለቀቅ እጅግ አስቸጋሪ ነው። የአገሪቱም መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1990 ሃይድሮኪኖን ያለባቸውን መዋቢያዎች ከገበያ አገደ።

ሦስተኛው ባዜቃ ወይም ሜርኩሪ ነው። ይህ በቀድሞው የሐኪም ቴርሞሜትር ውስጥ ሲያብረቀርቅ የምናውቀው መርዝ ቆዳ ቀለሙን እንዳይሠራ ያግዳል፤ ነገር ግን በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል፤ በእናት ማኅፀን ላለው ሕፃንም ይተርፋል። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2013 በጃፓን አገር የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት፤ በሚሊዮን ከ1 እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበት መዋቢያ ከ2020 በኋላ እንዳይሠራና ወደ ሌላ አገር እንዳይሸጥ ወሰነ። ይሁን እንጂ ውሳኔው ተወሰነ ማለት ቱቦው ሁሉ ከሱቅ ጠፋ ማለት አይደለም። የምን ቅይጥ እንደሆነ ያልተጻፈበትን ቅባት አለመግዛት የመጀመሪያው ጥበብ ነው።

ታዲያ ጤነኛ ወዝ የሚፈልግ ሰው ምን ያድርግ? ነገሩ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም።

አንደኛ፤ እጥበት። ፊትን ጧትና ማታ ለብ ባለ ውሃና ጠንካራ ባልሆነ ሳሙና መታጠብ ይበቃል። የልብስ ሳሙና ለፊት አይሆንም፤ በሻካራ ጨርቅ መፈግፈግም ቆዳውን ያቆስላል እንጂ አያጠራውም። ሎሚ መቀባትም የሚያስመሰግን አይደለም፤ ኮምጣጣነቱ ቆዳውን ያቃጥላል፤ ፀሐይ ሲጨመርበት ደግሞ ለብዙ ጊዜ የማይለቅ ጥቁረት ይተዋል።

ሁለተኛ፤ ቅባት። ቅባት ለቆዳ ውሃ አይሰጥም፤ በቆዳው ውስጥ ያለው ውሃ እንዳይተን ይከለክላል እንጂ። ስለዚህ ከታጠቡ በኋላ ፊቱ ጨርሶ ሳይደርቅ መቀባት ይገባል። ደረቅ ቆዳ ላለው ሰው ተራው ቫዝሊን በስሱ ቢቀባ ይበቃዋል፤ ፊቱ ወዛምና ብጉር የሚያበዛ ሰው ግን ቀለል ያለውን ቅባት ይምረጥ። ፀጉሩን ቅቤ ወይም ቫዝሊን የሚቀባ ሰው ደግሞ ቅባቱ ወደ ግንባሩ እንዳይወርድ ይጠንቀቅ፤ በግንባር ላይ ተደርድሮ የሚወጣ ብጉር ብዙ ጊዜ መነሻው ይኸው ነውና።

ሦስተኛ፤ ፀሐይ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች፤ ለምድር ወገብም የቀረበች ከተማ ናት። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። የአየሩ ቅዝቃዜ ያታልለናል፤ ነፋሱ ሲነፍስብን ፀሐይዋ የለችም እንላለን። ጥቁር ቆዳ ከነጩ ይልቅ ይከላከላል፤ ቢሆንም ማዲያትንና ከብጉር በኋላ የሚቀረውን ጥቁረት የምታጠነክረው ፀሐይ ናት። አቅም ያለው ቁጥሩ ኤስ ፒ ኤፍ 30 የሆነ የፀሐይ መከላከያ ይቀባ፤ ደጅ ሲውልም በየሁለት ሰዓቱ ይድገመው። አቅሙ ያልፈቀደ ደግሞ ባርኔጣና ጃንጥላ አያሳፍሩትም፤ እናቶቻችን በጃንጥላቸው ሥር ሲሄዱ ከማንም የሚያንሱ አልነበሩም።

አራተኛ፤ ብጉር። ብጉር የዕድሜና የዕጢ ጉዳይ እንጂ የቆሻሻነት ምልክት አይደለም። በጥፍር ማፍረጥ ጠባሳን መጥራት ነው። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ወይም አዳፓሊን የተባሉት መድኃኒቶች ይረዱታል፤ ነገር ግን ውጤታቸው የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለ ሆነ፤ በ10ኛው ቀን ተስፋ ቆርጦ መተው አይገባም። እርጉዝ የሆነች ሴት ግን ሐኪም ሳትጠይቅ አዳፓሊንን አትቀባ።

ማንጫውን መቀባት አስቀድሞ የጀመረስ? ሜርኩሪ ያለበት ከሆነ ዛሬውኑ ይተወው፤ ሐኪምም ይይ። ስቴሮይድ ከሆነ ግን ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ከቆየ በድንገት መተዉ ፊቱን ሊያስቆጣ ስለሚችል፤ ቱቦውን ይዞ ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂድ። በአዲስ አበባ የአለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። ሐኪሙ ፊት ቱቦውን ማውጣት የሚያሳፍር አይደለም፤ የተቀባውን መደበቅ ግን ሕክምናውን ያዘገየዋል።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በመስተዋት ፊት ስትቆም ቀለምህን ከሌላ ሰው ቀለም ጋር አታወዳድር። ቀለምህ የአባትና የእናትህ ርስት ነው፤ አይሸጥም፤ አይለወጥም። ወዝህ ግን የራስህ ሥራ ነው። ሳሙናው፤ ቅባቱ፤ ባርኔጣውና በጊዜ መተኛቱ አንድ ወር ሙሉ ይሥሩበት፤ ከዚያ በኋላ መስተዋቱን ጠይቀው።