ወደ ናይሮቢ የሚያመራው የአዲስ አበባ ሰዓት

ብስራተ ገብርኤል ሰፈር ባለ አንድ ቢሮ ሊኑክስ ሰርቨር የሚያዋቅር ባለሙያ የሰዓት ክልል ሲጠየቅ «አፍሪካ/አዲስ አበባ» ብሎ ያልፋል። የዓለምን የሰዓት ክልሎች የያዘው ዳታቤዝ ግን በመደበኛ ስሪቱ ለከተማዋ የመደበላት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ሊንክ፣ አፍሪካ/ናይሮቢ፣ አፍሪካ/አዲስ አበባ»። የሁለቱ ከተሞች ሰዓት ከ1970 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተለያይቶ ስለማያውቅ አንድ ፋይል ለሁለቱም ይበቃል። አዲስ አበባ ከግሪንዊች 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ትቀድም የነበረበት የድሮው ታሪክ ለብቻው ተቀምጧል።

በዚህ መስመር ላይ ነባሩ ፋይል የቱ ነው? ዳታቤዙን የሚያጠናቅረው የ«ዚክ» ኮማንድ ማኑዋል ቀድሞ ናይሮቢን «ሊንክ ፍሮም»፣ አዲስ አበባን «ሊንክ ቱ» ይል ነበር። ሲምቦሊክ ሊንክ ተሠርቶ በ«ኤልኤስ» ኮማንድ ሲዘረዘር ግን ቀስቱ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ናይሮቢ ነው የሚያመለክተው፤ «ፍሮም» እና «ቱ» ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው። ማኑዋሉ በኋላ «ታርጌት» እና «ሊንክ ኔም» ወደሚሉት ቃላት ዞረ።

ይህም ቢሆን ጣጣው አላለቀም። ሊንክ የሚሠራው «ኤልኤን» ኮማንድ በግኑ ማኑዋል ነባሩን ፋይል «ታርጌት» ይለዋል። የፖዚክስ ደረጃ ሰነድ ደግሞ ነባሩን «ሶርስ ፋይል»፣ ሊፈጠር ያለውን አዲስ ስም «ታርጌት ፋይል» ይላል። ኮማንዱ አንድ፣ ቅደም ተከተሉም አንድ፤ «ታርጌት» ግን እንደ ሰነዱ ይገለበጣል። ሁለቱን ያፈራረቀ ተማሪ ቢደናገር አይፈረድበትም።

«ኦሪጅናል» የሚለው ቃልም ቢሆን ለሃርድ ሊንክ አይሠራም። ሃርድ ሊንክ ሲሠራ ሁለቱ ስሞች እኩል የአንድ ፋይል ስሞች ይሆናሉ፤ በ«ኤልኤስ» ረጅም ዝርዝር ከፈቃዶቹ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ከ1 ወደ 2 ያድጋል፤ አንዱ ቢሰረዝ ሌላው እንዳለ ይቀጥላል። ሲምቦሊክ ሊንክ የሚይዘው የመንገዱን ጽሑፍ ብቻ ነው። ናይሮቢ ከጠፋ ወደ እሱ የሚያመራው አዲስ አበባም አይከፈትም። ስለዚህ ለሁለቱም ዓይነት የማያሳስተው አጠራር «ነባሩ ፋይል» እና «አዲሱ ስም» ይመስላል።

የ«ኤልኤን»ን ቅደም ተከተል ያምታታ ሰው ብዙውን ጊዜ «ፋይሉ አለ» የሚል መልእክት ያድነዋል። ሲምቦሊክ ሊንክ ሲሠራ የማስገደጃውን «ኤፍ» አማራጭ ከጨመረበትና አዲስ አበባ የሚለው ስም ገና ካልተፈጠረ ግን ኮማንዱ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ የናይሮቢን ፋይል አንስቶ በቦታው ወደሌለ ፋይል የሚያመለክት ሊንክ ይተክላል።