72 ሰዓት ከላስታ ተራራ ላይ ሲቆጠር

እስቲ ስልካችሁ ላይ ያለውን ሰዓት ቆጣሪ ክፈቱና 72 ሰዓት ሙሉበት። ሦስት ቀን ማለት ነው። አንዲት ሴት ከተደፈረች በኋላ ኤች አይ ቪ እንዳይዛት የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። በቶሎ በተጀመረ ቁጥር የተሻለ ይሠራል፤ ከተጀመረ በኋላ ደግሞ 28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ድረስ ይሰጣል፤ እሱም ቢሆን በዘገየ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል።

አሁን ቆጣሪውን ይዘን ላስታ እንውጣ። ከላሊበላ ከተማ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ የምትኖር አንዲት ልጅ አስቡ። ቅርቧ ያለው ጤና ኬላ ነው። ሙሉ ሕክምና ለማግኘት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መድረስ አለባት። ለዚያ የመኪና ገንዘብ፣ አብሯት የሚሄድ ሰው፣ ለቤተሰብ የምትሰጠው ምክንያት ያስፈልጋታል። ይህ ሁሉ በሰላም ጊዜ ነው።

በጦርነት ጊዜስ? ሐምሌ 29 ቀን 2013 የትግራይ ኃይሎች ላሊበላን ያዙ። ኅዳር ላይ የመንግሥት ጦርና አጋሮቹ መልሰው ያዟት፣ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ እንደገና ተለቀቀች፣ በዚያው ወር ደግሞ ተመለሰች። መብራት፣ ስልክና ባንክ ለወራት አልነበረም። እንዲህ ባለ ቦታ 72 ሰዓት ምንም ማለት አይደለም። ቆጣሪው ዜሮ ሲደርስ ልጅቷ ገና ከቤት አልወጣችም።

ከላሊበላ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ ጋሸና ላይ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ንፋስ መውጫን ያልፋል። በዚያች ከተማ ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን 2013 የሆነውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል መርምሮ በ2014 ኅዳር መግቢያ ላይ አውጥቶታል። ድርጅቱ ከ16 ተጠቂ ሴቶች ጋር ተነጋግሯል፤ 14ቱ በቡድን እንደተደፈሩ ነግረውታል። ድርጊቱን የፈጸሙት የትግራይ ኃይሎች ታጣቂዎች ናቸው ብለዋል። ለባለሥልጣናት ያመለከቱት ሴቶች ደግሞ ከ70 በላይ እንደሆኑ ተገልጿል። ብዙዎቹ በአነስተኛ ንግድ የሚተዳደሩ ነበሩ፤ ታጣቂዎቹ ንብረታቸውንም ዘርፈዋቸዋል። የከተማዋ ሆስፒታልም ስለተዘረፈና ጉዳት ስለደረሰበት ተጠቂዎቹ ተገቢውን ሕክምና አላገኙም። በሌላ አነጋገር፣ ደፋሪውም የሚያክመውን ቦታ ያወደመውም ያው ኃይል ነው።

ይህን ስንጽፍ ሌላውን ወገን ከዘለልን ግን ጉዳዩ የሴቶች መሆኑ ቀርቶ የፖለቲካ ይሆናል። ትግራይ ውስጥ በኢትዮጵያና በኤርትራ ወታደሮች፣ እንዲሁም በአማራ ኃይሎች ተመሳሳይ ግፍ እንደተፈጸመ በርካታ ምርመራዎች አረጋግጠዋል። የፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ራሱ ግንቦት 2013 ላይ ሦስት ወታደሮች በአስገድዶ መድፈር እንደተፈረደባቸው፣ 25ቱ ደግሞ በጾታዊ ጥቃት ክስ ላይ እንዳሉ አስታውቆ ነበር። የንፋስ መውጫዋና የትግራይዋ ሴት የሚያስፈልጋቸው ነገር አንድ ነው። መድኃኒት፣ የሚያምናት ሰው፣ ፍርድ።

ኢኮኖሚክስ ስማር አንድ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ቀርቷል፦ አንድ ነገር ውድ ሲሆን ሰው ይቀንሰዋል፣ ሲረክስ ይጨምረዋል። እስቲ በዚህ ጉዳይ ላይ ዋጋውን እንመልከት። ለተጠቂዋ መናገር በጣም ውድ ነው፤ ስሟን፣ ትዳሯን፣ የሰፈር ሰላምታን ሊያስከፍላት ይችላል። ለመሣሪያ ያዡ ግን መድፈር ርካሽ ነው፤ አዛዡ አይቶ ካለፈው ምንም አይከፍልም። ስለዚህ መከላከል የሚባለው ነገር፣ ቃሉን ገልብጠን ስናየው፣ እነዚህን ሁለት ዋጋዎች ማገላበጥ ነው።

“ጦርነት ውስጥ መቼም አይቀርም” የሚል ሰው ይኖራል። ይቀራል! የዬል ዩኒቨርሲቲዋ ምሁር ኤሊዛቤት ዉድ በዓለም ላይ ያሉ የታጠቁ ቡድኖችን አወዳድራ ያገኘችው ይህንኑ ነው፤ አንዳንዶቹ በብዛት ይደፍራሉ፣ አንዳንዶቹ ዘንድ ግን ድርጊቱ እጅግ ጥቂት ነው። ልዩነቱን ከሚፈጥሩት ነገሮች ትልቁ አዛዦች መከልከላቸውና ክልከላውን በቅጣት ማስከበራቸው ነው። በዓለም አቀፍ ሕግም አዛዥ ወታደሩ የሚያደርገውን እያወቀ ወይም ማወቅ እየተገባው ካላስቆመና ካልቀጣ ራሱም ይጠየቃል።

ችግሩ በጠላት ሠፈር ሴቶች ላይ ብቻ የሚደርስም አይደለም። ዩኒፎርም የለበሰችውንም ያገኛታል። አሜሪካ ውስጥ በ2020 እ.ኤ.አ. ቫኔሳ ጊዬን የተባለች የ20 ዓመት ወታደር ጾታዊ ትንኮሳ እንደደረሰባት ለቤተሰቧ ከተናገረች በኋላ በሥራ ባልደረባዋ ተገደለች። አገሩ ተንጫጫ። በመጨረሻ፣ ከ2023 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ ወሲባዊ ጥቃትን ለፍርድ የማቅረብ ውሳኔ ከአዛዦች እጅ ወጥቶ ለልዩ የጦር ዐቃቤ ሕጎች ተሰጠ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተጠርጣሪው አለቃ ራሱ “ይከሰስ፣ አይከሰስ” ብሎ እንዲወስን ማድረግ ፍትሕ አይሆንም። ከዚያም በፊት፣ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የተጠቃች ወታደር አዛዧ ሳይሰማና ምርመራ ሳይከፈት ሕክምናና ምክር የምታገኝበት አሠራር አላቸው።

ይህቺ የመጨረሻዋ ሐሳብ ለላስታም ትሠራለች ብዬ አምናለሁ። ሕክምናና ክስ ይለያዩ። ብዙ ሴቶች ወደ ጤና ተቋም የማይሄዱት “ፖሊስ ይመጣል፣ ወሬው ይወጣል” ብለው ነው። መጀመሪያ መድኃኒቷን ትውሰድ፤ ክሱን ስትረጋጋ ራሷ ትወስናለች። በ2004 ዓ.ም. አዲስ አበባ ጋንዲ ሆስፒታል ውስጥ የተጀመረው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሐኪሙን፣ የሥነ ልቦና ባለሙያውን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን አንድ ቦታ ያገናኛል። ተጠቂዋ አንዱን ታሪክ አራት ቢሮ እየዞረች እንዳትደግም ነው። ኮንጎ ቡካቩ ውስጥ ዶክተር ዴኒስ ሙክዌጌ የመሠረቱት ፓንዚ ሆስፒታል ደግሞ በዚህ ላይ የገቢ ማግኛ ድጋፍ ይጨምርበታል። ሙክዌጌ በ2018 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማት ተጋርተዋል።

ሕጋችን ወረቀት ላይ ደካማ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ሲከብድ ከዚያ በላይ ይሄዳል። በጦርነት ጊዜ በሰላማዊ ሰዎች ላይ ሲፈጸም በአንቀጽ 270 የጦር ወንጀል ነው። በመደፈር የመጣን ጽንስ በሕክምና ተቋም ማቋረጥ ይፈቀዳል፤ ለዚህ የሴቷ ቃል ብቻ በቂ ነው፣ የፍርድ ቤት ወረቀት አይጠየቅም። የ1949ኙ ሕግ ደፋሪው ተበዳይዋን ካገባ ክሱ የሚቀርበት በር ነበረው፤ የ1996ቱ ዘግቶታል። ሽማግሌ ተቀምጦ “በካሣ ይለቅ” ቢል ወንጀሉን አያጠፋውም።

የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ጾታዊ ጥቃትን አውግዟል፣ ተጠያቂነትንም ቃል ገብቷል። የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲው በሚያዝያ 2016 ጸድቋል። ነገር ግን ከ2015 ጀምሮ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ነው ያለው፤ ላሊበላም ከዚያ አላመለጠችም። በ2013 የተጠቃችው ሴት ፍርድ ሳታይ፣ ሌላ መሣሪያ የያዘ ሰው በደጇ ያልፋል። ሁሉም ታጣቂ ወገን፣ መለዮ የለበሰውም ያልለበሰውም፣ ለዚህች ሴት አንድ ዓይነት ግዴታ አለበት።

እኛስ? አዛዥ አይደለንም፣ ዳኛም አይደለንም። ግን ስልክ አለን፣ እህትና ጓደኛም አለን። አንድ ቀን አንዷ ደውላ ብትነግራችሁ እነዚህን ያዙ፦

መጀመሪያ “አምንሻለሁ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም” በሏት። “ለምን ሄድሽ? ለምን አልጮኽሽም?” አትበሉ። ዝርዝሩን አትጠይቁ፤ እሱን ለሐኪም ትናገራለች።

ቁጠሩ። 72 ሰዓት ካላለፈ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል አድርሷት፤ የመኪናውን ክፈሉ፣ አብራችሁ ሂዱ። ካለፈም ውሰዷት። ለአባላዘር በሽታ፣ ለጉዳትና ለጭንቀት ሕክምናው አላለፈም።

ከቻለች ሐኪም ሳያያት ገላዋን አትታጠብ። የለበሰችውን ልብስ በወረቀት ከረጢት አስቀምጡት፤ ፌስታል ውስጥ ከገባ እርጥበቱ ማስረጃውን ያበላሸዋል። ታጥባ ከሆነ ግን አትውቀሷት፣ ሕክምናውን አያስቀርም።

ስሟን፣ ድምጿን፣ ፎቶዋን ቴሌግራምም ቲክቶክም ላይ አትልቀቁ። “ለፍትሕ ነው” ብላችሁም ቢሆን፣ እሷ ሳትፈቅድ አይሆንም። ላስታ ውስጥ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፤ ፊቷን ብትሸፍኑት እንኳ በነጠላዋ ጥለት ይለዩዋታል።

ይቺን ጽሑፍ አንብባችሁ እስክትጨርሱ ከቆጣሪው ላይ አምስት ደቂቃ ገደማ ሄዷል። ለእኛ ምንም አይደለም። ከተራራው ለምትወርደው ልጅ ግን ከሦስት ቀኗ ላይ ነው የተቀነሰው።